አጥር ልጅን ከመንገድ ያስቀራል? ጥያቄዬና የመጡት 19 መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው እሑድ ደምበጫ እህቴ ቤት ነበርኩ። ቡና እየተጠጣ ቴሌቪዥኑ አሜሪካ በሜክሲኮ ድንበር ላይ ስለምትሠራው አጥር ያወራል። ወዲያው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ሰው ግቢውን ቢያጥር ምን ነውር አለው አሉ። እህቴ ደግሞ አጥር የሚታጠረው ለከብት እንጂ ለሰው ነው ወይ ብላ ተቆጣች።

ልጇ 23 ዓመቱ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የአጥሩ ከፍታ ስንት ሜትር ነው አለ።

ደነገጥኩ። ስለ አሜሪካ እንዳልጠየቀ ገባኝ። ወደ ውጭ አወጣሁትና ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ሲመክር ከርሟል። ደላላም አግኝተዋል። በጂቡቲ አድርገው ወደ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ወጪው ከየት እንደሚመጣ ስጠይቀው መሬት መሬት አየ። እናቱ ያሏት ሁለት በሬዎችና ሦስት ቃዳ መሬት ናቸው (ቃዳ የሄክታር ሩብ ገደማ ነው)።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። አጥር፣ ኬላ፣ ወታደር፣ እውነት ሰው ያስቀራል? ወይስ መንገዱን ብቻ ነው የሚያጠማዝዘው? እኔ የማምነውን ልናገር። አጥር የሚያስቀረው ገና ያልተነሣውን ነው። በሬ ተሽጦለት፣ መሬት በኮንትራት ተሰጥቶለት የወጣን ልጅ የሚመልስ አጥር ያለ አይመስለኝም። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ይሄን ከለጠፍኩ በኋላ መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ ጎረፈ። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ስድብ ነበረበት፣ አንዱ ተሰርዟል። ስለዚህ እንዳለ ከመለጠፍ በየተራው በራሴ ቃል ላስቀምጠው።

1ኛው የመጣው ባሕር ዳር ካለ የሕግ ባለሙያ ነው። በጣም በትሕትና ነው የጻፈው። ማንኛውም አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት እንዳለው፣ እኛም ብንሆን ኬላ ላይ መታወቂያ የምንጠይቅ ሕዝብ መሆናችንን አስታወሰ። የኢትዮጵያ ሕግ ጥፋቱን የሚጥለው በደላላውና በአሻጋሪው ላይ እንደሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም ለዚህ እንደወጣ ነገረን። ምክሩ አጭር ነበር። የእህትህን ልጅ ትተህ ደላላውን ጠቁም አለኝ። ትክክል ነው። ግን ልጁ ስሙን አልነግርህም ብሎኛል።

2ኛው ወጣት መሰለኝ፣ ቁጥር ይወዳል። አጥር አይሠራም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው ብሎ ጀመረ። ማስረጃው እስራኤል ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ከ17 ሺህ በላይ አፍሪካውያን፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ሱዳናውያን፣ በግብፁ ሲና በረሃ አድርገው ገቡ። ከዚያ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አጥር ተሠራ። ዋናው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ አለቀ። በዚያ ዓመት የገቡት በአሥር ቤት የሚቆጠሩ ብቻ ሆኑ። ሌላ ክርክር አያስፈልግም ብሎ ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር ይሄ መልስ አስቸገረኝ። ቁጥሩ ልክ ነው። የእኔን እምነት በቀጥታ የሚመታ ነው።

3ኛዋ እህት 2ኛውን ቁጥሩን ተቀብላ አረመችው። አጥሩ ብቻውን አልነበረም አለች። በዚያው ሰሞን ያለ ፍርድ ለረጅም ጊዜ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ሲና ላይ ደግሞ ስደተኛ እያፈኑ፣ ቤተሰብ በስልክ እያስጮሁ ገንዘብ የሚቀበሉ ወንበዴዎች ስማቸው ገንኖ ነበር። ሰው የፈራው ሽቦውን ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተከተለው ነው አለች። የሲና በር ሲዘጋ ጉዞው ወደ ሊቢያ ዞረ። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም በሊቢያ በአይሲስ እጅ የታረዱትንና የተረሸኑትን ወንድሞቻችንን አስታወሰችን። ያን ሰሞን በየቤቱ የተለቀሰውን የረሳ የለም። አንድ አገር መግቢያውን ሲዘጋ ቁጥሩ ከዚያ አገር መዝገብ ይጠፋል፣ ልጆቹ ግን ከምድር አልጠፉም፣ ሌላ ቦታ ናቸው ያሉት ስትል ጨረሰች። ይሄን አንብቤ ለረጅም ጊዜ ስልኬን አስቀመጥኩ።

4ኛው የማቻከል ልጅ ነው፣ አሁን የሚኖረው ዳላስ። ስለ አሜሪካው አጥር የምናወራውን አስተካከለልን። ድንበሩ 3,145 ኪሎ ሜትር ነው፣ አጥር ያለው በከፊሉ ላይ ብቻ ነው። ሥራው በትራምፕ አልተጀመረም። ሳንዲዬጎ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተጀምሯል፣ ትልቁን ሕግ የፈረሙት ጆርጅ ቡሽ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2006። ትራምፕ በመጀመሪያው ዘመናቸው ያሠሩት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አብዛኛው አሮጌውን ያፈረሰና የተካ ነው። ባይደን እ.ኤ.አ. በ2021 አስቆሙት። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ከ46 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለአጥር ተመደበ። ከፍታው በብዙ ቦታ 9 ሜትር ገደማ ነው። (የእህቴ ልጅ መልሱን አገኘ ማለት ነው።) ነገር ግን ያለ ወረቀት ከሚኖረው ሰው ቀላል የማይባለው አጥሩን አይቶት አያውቅም አለ። በአውሮፕላን፣ በቪዛ ገብቶ ቀኑ ሲያልፍ የቀረ ነው። እሱ ራሱ በዲቪ እንደሄደ ነገረን። ሕጉን ጠብቆ የመጣ ሰው ሰብሮ በገባው ላይ ቅር ቢለው አይፈረድበትም ብሎም ጨመረ።

ይቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እሳት አነሣች።

5ኛው ከፍኖተ ሰላም ነው። ሰላምታ እንኳ የለውም። ዲቪ ሎተሪ ነው፣ ሎተሪ የደረሰው ሰው ያልደረሰውን ሕግ አላከበርክም ማለት አይችልም አለ። በሩ ተከፍቶልህ ገብተህ ከውስጥ ሆነህ መቀርቀሪያ ታቀብላለህ ብሎ ዘለፈው። ሌላም ያለው አለ፣ አልደግመውም። 6ኛው ራሱ የዳላሱ ነው፣ ተመልሶ መጣ። ሌሊት ሌሊት ሥራ እየሠራ የሦስት እህቶቹን ልጆች እንደሚያስተምር፣ ማንም እንዲህ ሊናገረው እንደማይገባ ጻፈ። ሁለቱም የቆሰሉ ሰዎች ናቸው። በውስጥ ጽፌ ሁለቱንም ለመንኳቸው። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ወንድሙ ሊቢያ ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል።

7ኛው የሩቁን አመጣ። ሀንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰርቢያ ድንበር 175 ኪሎ ሜትር አጥር ስትሠራ ሰዉ በክሮኤሺያ በኩል ዞረ። ሞሮኮ ጠረፍ ባለችው የስፔን ከተማ ሜሊላ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 አጥሩን ለመሻገር በተደረገው ግፊያ ቢያንስ 23 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ የበለጠ አላብራራም።

አሁን 8ኛውን ልንገራችሁ። ውይይቱ ሁሉ የተለወጠው በዚህ ነው።

የቢቸና አካባቢ ልጅ ነው። መንገዱን ሄዶበታል። የተነሣው በ2014 ዓ.ም ነው፣ ሦስት ሆነው ከአንድ ቀበሌ። ጂቡቲ ከገቡ በኋላ አሳል ሐይቅ አጠገብ በእግር የሄዱት ሌሊት ሌሊት ነበር፣ ቀን ላይ ሙቀቱ ስለሚገድል። ጀሪካናቸው በሁለተኛው ቀን አለቀ። የጂቡቲዋ ኦቦክ ደርሰው ባሕሩ ዳርቻ ላይ ቀናት ጠበቁ። ጀልባዋ ላይ ሲወጡ የሚቀመጡበት ስላልነበረ ጉልበት በጉልበት ላይ ተደራርበው ተሻገሩ። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 የመን አብያን የባሕር ዳርቻ የሰጠመችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰው ጭና ነበር፣ አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ናቸው፣ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የመን እንደወረዱ የጠበቃቸው መኪና ነው። የወሰዳቸው ሐውሽ ወደሚሉት የታጠረ ግቢ ነው። እዚያ ስልክ ይሰጡሃል። እናትህን ደውል ይሉሃል። እናቱ ስታነሣ ከጀርባው መምታት ጀመሩ። እናቱ ጥማድ በሬዋን ሸጠች። አልበቃም። ሁለት ቃዳ መሬት ለአምስት ዓመት በኮንትራት ሰጠች። ከዚያ ተለቀቀና ወደ ሰሜን የመን፣ ወደ ሰዓዳ አቀና።

የሳዑዲ ድንበር ላይ ሲደርሱ ተተኮሰባቸው። ከሦስቱ አንዱ እዚያው ተራራ ላይ ቀረ። ሬሳውን ማንሣት አልቻሉም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ጽፏል፣ ሳዑዲ አስተባብላለች። ይህ ልጅ ሪፖርቱን አላነበበም። የነገረን ያየውን ነው።

ጥያቄዬንም መለሰልኝ። አጥርም ሽቦም እንዳየ፣ ለመመለስ ግን አንድ ጊዜም እንዳላሰበ ነገረኝ። ምክንያቱ ድፍረት አይደለም። ወደኋላ መመለስ ማለት ያንኑ ሐውሽ ዳግመኛ ማለፍ ነው። ከፊት ጥይት አለ፣ ከኋላ ደግሞ የእናቱ ዕዳና እነዚያ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ሰው ወደ ጥይቱ ይሄዳል። ሳዑዲ፣ ጂዛን ገብቶ አምስት ወር ፍየል ጠበቀ። ሹርጣ (ፖሊስ) ያዘው፣ ታሰረ፣ በአውሮፕላን ቦሌ ላይ ተራገፈ። መሬቱ እስከ ዛሬ በሰው እጅ ነው። በገዛ እርሻቸው ላይ በቀን ሠራተኝነት አርሞ ያውቃል። ይሄን የጻፈው ሳያማርር ነው፣ እኔ ግን ሳነብ አለቀስኩ።

9ኛው እግዜር ይማርህ ወንድሜ ብቻ ነው ያለው፣ ሌሎች ብዙዎችም እሱን ተከትለው ተመሳሳይ ነገር ስለጻፉ አልቆጠርኳቸውም። 10ኛው የተሰረዘው ነው። አንድ ሰው አስተማማኝ መንገድ አለ ብሎ የስልክ ቁጥር አስቀመጠ። የቢቸናውን ልጅ ታሪክ ካነበበ በኋላ! እኔ ነኝ እንዲሰረዝ ያደረግሁት፣ ነገም ቢመጣ አስሰርዛለሁ።

11ኛው የሞጣ አዛውንት ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው። ጎጃምን ዓባይ በሦስት በኩል ከቦ ይዞታል፣ ከዓባይ የበለጠ አጥር ማን ሠርቶ ያውቃል አሉ። በልጅነታቸው ሰው በተነፋ ስልቻ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሻገር አይተዋል። አዞው ይበላል፣ ውሃው ይወስዳል፣ ቆላው ወባ ነው። ሆኖም ራብ ሲመጣና የሞላ እርሻ አለ ሲባል፣ ጎጃሜው ወለጋም መተከልም ወረደ። ሰዉ ዓባይን ፈርቶ የቀረው አገሩ ላይ እህል በሞላ ጊዜ ብቻ ነው አሉ። እኔ ሁለት ሰዓት ፈልጌ ያጣሁትን ቃል ነው የሰጡኝ።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ድልድይ ሄደ። 12ኛው ደጀንና ጎሃ ጽዮን መካከል ያለውን በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ አነሣና መቼ ተመረቀ በሚለው 13ኛው አረመው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ ባሕር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀውን 380 ሜትር ድልድይ እያወዳደሩ ብዙ ጻፉ። ጥሩ ወሬ ነው፣ ግን ለሌላ ቀን ይሁን ብዬ ወደ ጉዳያችን መለስኳቸው።

14ኛው አስተማሪ ነው፣ ከዳንግላ። ሽማግሌው ራብ ያሉትን በዘመኑ ቋንቋ ላስረዳ ብሎ መጣ። በክልላችን መሬት ለመጨረሻ ጊዜ በስፋት የተሸጋሸገው በ1989 ዓ.ም ነው። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ድርሻ የለውም። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ ስለዚህ አይገዛም። የወላጁን ሦስት ቃዳ ለአምስት ወንድምና እህት ሲካፈሉት ለአንዱም ጎጆ አይሆንም። አስተማሪው ተማሪዎቹን በስም ያውቃቸዋል፣ ስንቱ መንገድ ላይ እንደቀረ ይቆጥራል። አዊ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል መሸጥ ብዙ ልጅ አስቀርቶ እንደነበር ተናገረ። ገንዘቡን ራሱ ዛፍ ተክሎ የሚያገኝ ልጅ ደላላ አይሰማም። በኋላ ዛፉን በሽታ መታው፣ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ መጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። አሁን ስለ ሪያድ የሚያወሩት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው አለ።

15ኛዋ ተቆጥታ ነው የገባችው። እስካሁን የምታወሩት ስለ ወንድ ልጅ ብቻ ነው አለች። ልክ ናት። በኮንትራት ሪያድ ሄዳ ለአራት ዓመት ሠርታለች። በሕጋዊ መንገድ። የቤቱ ባለቤት ኢቃማዋን (የመኖሪያ ፈቃዷን) ደብቆ የስምንት ወር ደመወዝ ከለከላት፣ ጠፍታ ስትወጣ በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ ሆነች። ድንበር አልሰበረችም፣ አጥር አልዘለለችም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን ስታባርር እሷም ከነሱ አንዷ ነበረች። ስለዚህ ሕገ ወጥ የምትሉት ሰው ሁሉ በጫካ የመጣ አይምሰላችሁ አለችን። ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረች፣ ማንም ያላነሣውን። ሕጋዊው በር የሚከፈተው በአመዛኙ ለቤት ሠራተኛ፣ ለሴት ነው። ለወንዱ በሩ ጠባብ ነው። በሩ የጠበበበት ልጅ ባሕሩን ያያል።

16ኛው የመተማን መንገድ የሚያውቅ ነው። እሱም አባቱም ሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ሳሉግ (የወቅት የቀን ሠራተኛ) ሆነው ይወርዱ ነበር። ከመተማ ገላባት መሻገር ለብዙ ጎጃሜ ቀላል ነገር ነበር አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ያ መንገድ ተገለበጠ። ሱዳናውያን ወደ እኛ መጡ፣ ልጆቻቸውን አዝለው። ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኛ ይዛለች፣ አጥር አላጠረችም አለ። እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያው ተመልሶ ገብቶ ስደተኛና ሥራ ፈላጊ በሕግ አንድ አይደሉም ሲል፣ 16ኛው በረሃ ላይ የሞተውን ልጅ የትኛው መዝገብ ላይ ትጽፈዋለህ ብሎ መለሰለት። ያን ያህል ስድብ የለበትም፣ ግን ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም።

17ኛው የእህቴ ልጅ ነበር።

እያነበበ እንደሆነ አላወቅሁም። ስሙን አልጻፈም፣ እኔ ግን አጻጻፉን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ እኔን ነው የወቀሰው፣ በአክብሮት። አጎቴ ስለ እኔ አገር ሁሉ ጠየቀ፣ እኔን ግን ምን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀኝም አለ። ይሄ እውነት ነው፣ ያን እሑድ ስቆጣው ነው ያመሸሁት። የወሰደው የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ነው። ያኔ ግማሹን ያመጣው ከመቶ ሦስት ሰው ገደማ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። እሱ አላመጣም። ከዚያ ወዲህ በእናቱ ሦስት ቃዳ ላይ ነው ያለው፣ ከሁለት ታናናሾቹ ጋር። 9 ሜትር አጥር እንደማያስፈራው ጻፈ። ጥይቱም ቢሆን ለሁሉም ሌላው ላይ የሚደርስ ነው የሚመስለው። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሣው የቢቸናው ልጅ የስልኩ ነገር ነው። የእናቱን ድምፅ በዚያ ስልክ ውስጥ ሰማው። ደላላው መነሻ ቀን ቆርጦ ነበር፣ እሱ ለጊዜው አልሄድም ብሏል። ሁለቱ ጓደኞቹ ግን ገና አልወሰኑም። እና ብቀር ምን ልሥራ ብሎ ጠየቀ፣ እኛን ሁላችንን።

ከዚያ ብዙ ምክር መጣ፣ ብዙውም ተስፋ አድርግ የሚል ነው። አልቆጠርኩትም። 18ኛውን ግን እቆጥራለሁ። የመርዓዊ ሰው ነው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ስለ አሜሪካም ስለ ሳዑዲም አንድ ቃል አልጻፈም። ቆጋ መስኖ ላይ መሬት አለው። ልጆቹ ከተማ ናቸው፣ ጉልበት አጥሮታል። ድንችና ሽንኩርት በመስኖ፣ ክረምት ላይ በቆሎ። ዘርና ማዳበሪያ በእሱ፣ ጉልበት በልጁ፣ ምርቱን እኩል። ጓደኞቹም ቢመጡ ለጎረቤቶቹ እንደሚነግርላቸው፣ ማደሪያ እንዳለ ጨመረ። ስልኩን በውስጥ ላከልኝ። ደወልኩለት። ድምፁ የጨዋ ሰው ድምፅ ነው። በእኩል ማረስ ቀላል ነገር አይደለም፣ የማዳበሪያ ዋጋ ራሱ የሚያስለቅስ ነው፣ መንገዱም ባሁኑ ጊዜ እንደ ልብ አይኬድበትም። ይሄን ሁሉ ለእህቴም ነገርኳት። በሬዎቹ ከግቢ የሚወጡ ከሆነ ለገበያ ሳይሆን ለእርሻ ይውጡ አለችኝ።

19ኛው የገባው ትናንት ማታ ነው። የእህቴ ልጅ ለመርዓዊው ሰው የጻፈው። እመጣለሁ አላለም፣ አልመጣምም አላለም። የጠየቀው መሬቱ ከቦዩ ራስ ላይ ነው ወይስ ከጫፉ፣ በጋ ላይ ውሃው እስከዚያ ይደርሳል ወይ፣ ተራውስ በየስንት ቀኑ ነው ብሎ ነው።